ሻምበልን የሰፋንበት ክረምት

ሰኞ ጠዋት

ሽለምጥማጥ ገባብኝ። ነጯን ዶሮዬን ይዟት ሄዷል፤ ላባዋ ብቻ አጥሩ ሥር ተበትኖ ቀርቷል። ሁለቱ ቆጡ ላይ ተጣብቀው ድምፃቸው ጠፍቷል። ሻምበል ተነክሳለች። አልሞተችም። ውሃ ጥጄ ነው ይሄን የምጽፈው። 

ሰኞ ማታ

አሁን ትንሽ ሰው ሆንኩ፣ ልጻፍ። የመሠረተ ትምህርት አስተማሪያችን «ካልጻፋችሁበት ፊደሉ ጥሏችሁ ይሄዳል» ትለን ነበር። እኔ ግን ለፊደሉ ብዬ አይደለም፤ ለሻምበል ምን እንዳደረግኩላት ካልጻፍኩ ነገ ከጭንቅላቴ ይጠፋል።

ሻምበል ቀይዋ ዶሮዬ ናት። ስሙን ያወጣላት አጥር የምንጋራው ልብስ ሰፊ ነው። ደረቷን ነፍታ ሌሎቹን ከኋላ አሰልፋ ስትሄድ አይቶ «እትዬ፣ ይቺ እኮ ሻምበል ናት» አለ፣ በዚያው ቀረ።

ከክንፏ በላይ ጀርባዋ ላይ ቆዳዋ ተገሽልጦ ተንጠልጥሏል። መዳፌን ያክላል። እሷ ደግሞ አትጮህም። ብትጮህ እኮ ይሻለኝ ነበር። ዝም ብላ ትተነፍሳለች፣ እኔም አብሬ ስተነፍስ ዋልኩ። በአሮጌ ፎጣ ጠቅልዬ መኝታ ቤቴ አስገባኋት። ሌሎቹ ጋ አትገባም፤ ደም ካዩ እነሱው ይጨርሷታል፣ ዶሮ ዘመድ አያውቅም። ለብ ያለ ውሃ በስኳር በጥብጬ በማንኪያ ጫፍ ምንቃሯ ላይ አስነካኋት። ሁለት ሦስቴ ዋጠች።

በሩን ግን ዘግቼ ነበር። ዓይኔን ግንባር ያድርገው ዘግቻለሁ! መንጠቆውን በእጄ ይዤ ቀለበቱ ውስጥ ከተትኩት፣ ቀጭ ሲል ሰማሁት። ጠዋት ስሄድ መንጠቆው ከቀለበቱ ጎን ተንጠልጥሎ አገኘሁት። ሽለምጥማጡ ነው የከፈተው። ጥፍር አለው አይደል እንዴ?

መሐላውን ባልጻፍኩት ይሻል ነበር። እንግዲህ በቀለም ተጽፏል፣ ምን ይደረግ።

ልጄ እንዳትሰማ ብቻ። የተማሪ ሰርቪስ ነው የምትነዳው። ቀኑን ሙሉ መስታወት ስታይ ስለምትውል ማጅራቷም ያያል። እሑድ እሑድ ትመጣለች። ባለፈው እሳት ሳላጠፋ ብወጣ ጊዜ «እማ፣ አንድ ነገር ይጨመርና ዕቃሽን ጭኜ ነው የምወስድሽ» ብላኛለች፤ የሷ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። «አንድ ነገር» ማለት እንግዲህ ይሄው። እህቴም እንዲሁ ልጇ ቤት ገብታ ወንበር ሆና ቀረች። መስኮት ሥር አስቀመጧት፣ በልታለች? ጠጥታለች? ተባለላት፣ አለቀ። ዶሮ ደግሞ አራተኛ ፎቅ አይወጣም።

አምፖሉም ደክሟል። መለወጥ አለበት።

ማክሰኞ

ልብስ ሰፊው ሰፋት! አዎ፣ በመርፌ።

ጠዋት በአጥር ጠርቼው ገባ። አያት፣ ፊቱን አዞረ። ደም አይችልም።

«እትዬ፣ እኔ የማውቀው ጨርቅ ነው።»

«ቆዳስ ምንድነው? ሞቅ ያለ ጨርቅ ነው።»

«ጨርቅ ስወጋው አያየኝም እኮ!»

ፊቷን በፎጣው ሸፈንኩለት። መርፌና ክር ቀቀልን። በሳሙና አጠብኳት፣ ደጋግሜ ነው ያጠብኳት። «ፀድቷል?» አለኝ። «እንደ ሰሃን» አልኩት። «ክሩን መርፌው ውስጥ ያስገቡልኝ፣ እኔ ደም እያየሁ አልችልም» አለኝ። ሞከርኩ፣ ሞከርኩ። ክር ሲቀቀል ይወፍራል መሰለኝ። ተቀበለኝና በአንዴ አስገባው። አየት አደረገኝ። 

ከዚያ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሰፋ። «ጠርዝ ጠርዙን ነው የማየው እትዬ፣ መሃሉን ካየሁ ዘጭ ነው የምለው።» ሰውየው ግን እጁ ይባረክ! በጣቴ ዳሰስኩት፣ አንዲት ክር ወጣ አላለችም። የሙሽራ ቀሚስ ነው የሚመስለው።

«ለልጄ አትነግራትም» አልኩት።

«ምኑን?»

«ሁሉንም።»

«በሩስ እንዴት ተከፈተ?»

«ሽለምጥማጡ ከፈተው።»

«መንጠቆ?»

«ልብስ ሰፊ ዶሮ ከሰፋ ሽለምጥማጥ መንጠቆ ቢከፍት ምን ይገርማል!» ሳቀ። ግን ሄዶ መንጠቆውን ነካክቶ አየው፣ ከመስኮት አይቼዋለሁ። ያ መንጠቆው ጋ የቆመው ጥላ እሱ መሆን አለበት።

ረቡዕ

በላች። የራሰ ዳቦ፣ ትንሽ። ዝናብ ቀኑን ሙሉ። በዚህ ጨለማ ማን ምን ያያል?

ሐሙስ

ሬዲዮናችን መጣች። ጎረቤቴ ናት፣ «ሬዲዮን» እንላታለን፤ ወሬ ከሰማች ለአገር ሳትነግር ምሳ አይወርድላትም። «ነጯ ዶሮሽ የለችም» አለች። ለልብስ ሰፊው ሰጠሁት አልኩ። «አይ እንግዲህ፣ እሱ ዶሮ አይበላም እኮ።» ምን አግብቷት ነው የሰውየውን ድስት የምታውቀው?

ስሸኛት ልብስ ሰፊውን በሩ ላይ ቆሞ አየሁትና እንዴት ዋልክ አልኩት። ኩራቱ! ዝም አለኝ። ደግሜ ብለው ሬዲዮን ከት ብላ ሳቀች። ለካ ኮቱ ነው። ኮት እንደ ሰው አቁሞ በር ላይ የሚሰቅል ምን ዓይነት ሰው ነው?

ሻምበል ዛሬ አልበላችም።

ዓርብ

አብጧል። በእጄ ስነካው ይሞቃል። ስፌቱ ተወጥሯል። ሽታ አለው። ልብስ ሰፊው አይሸተኝም ይላል፣ እኔ ግን አፍንጫዬ እንደ ድሮው ነው።

ቅዳሜ ማታ

መድኃኒት ቤት ሄጄ ነበር። ልጅቷ ትሁት ናት፣ አልከፋችም።

«ለማን ነው እማማ?»

«ለታማሚ ነዋ፣ ለጤነኛ መድኃኒት ይገዛል?»

«ቁስሉ የት ነው?»

«ጀርባዋ ላይ፣ ተነክሳ።»

«ዕድሜዋስ?»

«ሁለት ዓመት ብትሆን ነው።»

«ውይ! ክብደቷ ስንት ነው?»

«ሁለት ኪሎ።»

እስክሪብቶዋን ጣለችው። «እማማ፣ ሕፃኗ የት ናት? አሁኑኑ ሐኪም ቤት መግባት አለባት!» ኧረ ዶሮ ናት ብላት የቆመው ሰልፈኛ ሁሉ ሳቀብኝ። ሳቋን ስትጨርስ ግን ደህና አድርጋ ነገረችኝ። የንክሻ ቁስል አይዘጋም አለች፤ ቆሻሻው ውስጥ ይቀርና ይመግላል። ይከፈት፣ ውሃ በጨው ፈልቶ ሲቀዘቅዝ ይታጠብበት፣ አየር ያግኝ። «ዝንብ ግን እንዳያርፍበት! ጠዋት ማታ እያዩ።» እያዩ አለችኝ። እሺ አልኩ። የቁስል ማጠቢያም ሰጠችኝ።

ልብስ ሰፊው ያንን የመሰለ ስፌቱን በመቀስ ተረተረው። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። መግሉ ወጣ። ከመግሉ ጋር ላባ ወጣ፣ ደግሞ ላባ፣ ደግሞ የጭድ ስንጣሪ፣ ደግሞ አፈር።

«እትዬ፣ እንደ ሰሃን ብለውኝ ነበር እኮ።»

«ሰሃኔም እንደዚሁ ነው እንግዲህ» አልኩት። ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም። እኔም አልሆነልኝም።

አሁን እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። እኔ ነኝ ፀድቷል ያልኩት። ሰውየው አምኖኝ ነው የሰፋው። ላባው እኮ ቀይ ነው፣ ሥጋውም ቀይ፤ ቀይ በቀይ ላይ ማን ይለየዋል? ወጣት ቢሆንስ ይለየዋል? እንጃ። መንጠቆውንም ቀጭ ሲል ሰማሁት ብያለሁ። አዎ፣ የሰማሁ መሰለኝ።

እሑድ

ልጄ መጣችና ሄደች። ነፍሴ ወጥታ ተመለሰች።

ሻምበልን በልብስ ቅርጫት አድርጌ ከአልጋው ጀርባ ከተትኳት፣ ነጠላ ጣል አደረግኩባት። ልጄ ገና ሳትቀመጥ «እማ፣ ምን ይሸታል?» ዝናቡ ነው፣ ግድግዳው ረጥቦ ነው አልኳት። ሻይ ቀዳሁላት። ዝም ብላ ታየኛለች፣ ታየኛለች። ከዚያ ቀስ ብላ «እማ፣ ሞልቷል እኮ» አለች። ጠረጴዛው ሐይቅ ሆኗል። ብርጭቆውን እኔ ያልለመድኩት ቦታ አስቀመጠችውና እኔን ታየኛለች!

በመሃል ሻምበል «ቋ» አለች። እኔ አሳለኝ። ደግማ «ቋ» አለች፣ እኔ ደግሜ ሳልኩ። «ጉንፋን ይዞሻል?» አለች። ትንሽ አልኳት። «እማ፣ የዓይን ሐኪሙን ነገር…» ስትል ስለ ጎረቤት፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ መንገዱ ጭቃ ለፈለፍኩ። አፌ እንደ ሆነ ሞቶ አያውቅም። ስትወጣ ሳመችኝና ግንባሯን ግንባሬ ላይ ትንሽ አቆየችው። እንደዚህ አታደርግም ነበር።

ሰኞ

ልብስ ሰፊው ወንድሙን ሊያይ ሌላ ከተማ ሄደ። «ጠዋትና ማታ ቁስሉን ይዩት እሺ እትዬ? ደህና አድርገው ይዩት» ብሎኝ ሄደ። ሁሉም እይ እይ ይለኛል። ምን ሆነዋል?

ማክሰኞ

አጠብኩ። ጨው ውሃ። ራሷን ክንፏ ውስጥ ቀብራ ትውላለች። አምፖሉን አስለወጥኩ። ያው ነው።

ረቡዕ ከሰዓት

ዝንብ ሰማሁ። በጆሮዬ ነው የሰማሁት፣ ክፍሉ ውስጥ፣ ቅርጫቱ ጋ። በጨርቅ አባረርኩት። ቁስሉን መስኮት ጋ ወስጄ አየሁ። ቀይ ነገር አየሁ። ሌላ ምንም የለም።

በጣቴ ዳሰስኩ። ተንቀሳቀሰ። እሷ አይደለችም የተንቀሳቀሰችው፤ ከጣቴ ሥር የሆነ ነገር ነው የተንቀሳቀሰው።

እንደገና ወደ ብርሃን አዞርኳት፣ ወደዚህም ወደዚያም። አይታየኝም። ትል ነው፣ ገብቶኛል፤ ግን አይታየኝም። በወረንጦ ልልቀም ብዬ ጫፉን ብሰድ ጤነኛ ሥጋዋን ያዝኩ መሰለኝ፣ ጮኸች። ያን ሁሉ ቀን ያልጮኸችው አሁን በእኔ እጅ ጮኸች።

ልብስ ሰፊው የለም። ሬዲዮን ጋ እስከ በሯ ሄጄ ተመለስኩ። ሬዲዮን ካየች ማታውኑ ልጄ ጆሮ ይደርሳል። ታዲያ ከሬዲዮን ትስማው ወይስ ከእኔ?

ሻምበል ነገ አትደርስም። ይሄን ለማወቅ ዓይን አያስፈልግም።

ስልኬ ላይ አንድ ቁጥርን ከተጫንኩት ልጄ ናት። እንደዚያ አድርጋ ሰጥታኛለች። አውራ ጣቴን ቁጥሩ ላይ አድርጌ ስንት ጊዜ እንደተቀመጥኩ እንጃ። አራተኛው ፎቅ መጣብኝ። የእህቴ ወንበር መጣብኝ። ተጫንኩት።

«አቤት እማ፣ ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልሆንኩም። ነይ።»

«ልጆቹን ላድርስና። ምን ላምጣ?»

«ምንም አታምጪ። ዓይን ይዘሽ ነይ።»

  «መጣሁ» አለች።

ሐሙስ

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም።

ዝናብ እያወረደው መጣች፣ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። ቅርጫቱን አሳየኋት። ነጯ የት እንደገባች፣ ማን እንደሰፋ፣ ማን እንደተረተረ፣ አንዱንም አልጠየቀችም። ወንበር ሳበች፣ የስልኳን መብራት አበራች፣ ወረንጦውን ከእጄ ወሰደች። እኔ ሻምበልን በፎጣ አቅፌ ጭንቅላቷን ብብቴ ውስጥ አስገባሁ።

 ትለቅማለች፣ ጨው ውሃ ታፈሳለች፣ ደግሞ ትለቅማለች። የልጄን ፊት በዚህ ሁሉ ቅርበት ካየሁት ቆይቻለሁ፤ ብርሃኑ ከሥር እየመጣባት እንኳ ጭጋግ ውስጥ ነው የምትመስለው። እያለቀሰች እንደሆነ ያወቅኩት በአፍንጫዋ ድምፅ ነው።

«እማ፣ ይሄን ሁሉ አላየሽውም?»

«ብርሃኑ…» ብዬ ጀመርኩ።

«እማ።»

ዝም አልኩ። እኔ ዝም ስል ምን ማለት እንደሆነ እሷ ታውቃለች፤ እኔ ዝም ብዬ አላውቅማ።

«በሩንስ?»

«ዘጋሁት። የዘጋሁት መሰለኝ። መንጠቆው ቀለበቱን ስቶ ይሆናል።»  ነጯን ለሽለምጥማጡ የሰጠኋት እኔ ነኝ። በሩን ከፍቼ እንካ ብለው አይለይም ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«አንቺ ደግሞ! ፖሊስ ነሽ?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው እማ?»

«ፊትሽ ከጠፋብኝ ቆየ» አልኳት።

ወረንጦውን አስቀመጠች። እጇ እርጥብ ነበር፣ በክንዷ ነው ያቀፈችኝ። ሻምበል መሃላችን ሆና «ቋ» አለች። «ጉንፋኑ ይሄ ነበር?» አለችኝ ልጄ። ሁለታችንም ሳቅን፣ ግን የሳቅ ሳቅ አልነበረም።

መሬት ላይ አንጥፋ አደረች። ጠዋት ከሥራ በፊት ቁስሉን አይታ «ንጹህ ነው» አለች። እሷ ስትል አመንኩ።

ዓርብ

ሻምበል ትንሽ ጠጣች። አልበላችም። ልጄ ማታም መጣች። ስለ አራተኛ ፎቅ ምንም አላለችም። አለማለቷ ነው የሚያስፈራኝ። ብትለኝ እመልስላት ነበር።

እሑድ

በአጥር ሬዲዮን ለሌላ ሰው ስትናገር ሰማኋት። «ልጅየዋ ልትወስዳት ነው። ምስኪን፣ ዓይኗ ጠፍቷል እኮ፣ ለኮት ሰላምታ ስትሰጥ አይቻለሁ።» ምስኪን አለችኝ። ስድብ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ልብስ ሰፊው ተመልሷል። መንጠቆውን ነቅሎ የብረት መወርወሪያ መታልኝ፤ ሲገባ ድው የሚል፣ ሲዘጋ እጅ የሚያውቀው። «ታውቅ ነበር ማለት ነው?» አልኩት። «መርፌውን ሲሰጡኝ አየሁ።» «ታዲያ ለምን አልተናገርክም?» «እትዬ፣ በምን አፌ? እርስዎ መች ቦታ ይሰጣሉ!»

ማክሰኞ

ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሞራ ነው አለ። ሁለቱም ላይ። ይወጣል፣ መጀመሪያ አንዱ። እንዴት ነው የሚወጣው ብለው በትንሽ መሣሪያ አለ። ትንሽ ማለቱ ነው ያስጨነቀኝ፣ ከትልቁ ይልቅ ትንሹ ነው ዓይን ውስጥ የሚገባው።

መኪናው ውስጥ «ከዚያስ? ትወስጂኛለሽ?» አልኳት። አፌ አምልጦኝ ነው።

«አላውቅም እማ። ፈርቻለሁ።»

እሷ ትፈራለች ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ስንደርስ እጇን ያዝኩ። የመኪናውን ደረጃ ለመውረድ ብዬ ነው ብላ ታስብ።

ሐሙስ

ቁስሉ ዳር ዳሩን ቆዳ ጀምሯል አለች ልጄ። እኔም በጣቴ ቀስ ብዬ ነካሁት። ደረቅ። ሽታ የለም። ሻምበል ዳቦውን ከእጄ ነጥቃ በላች፣ ጣቴንም አብራ። እሰይ!

ቅዳሜ

ሰኞ ነው ዓይኔን የሚነኩኝ። ትናንት ሌሊት ሦስቴ ተነስቼ ሻምበልን ዳሰስኩ። ሰበብ እንጂ ለእሷ ብዬ አልነበረም።

ዛሬ ዝናቡ አባርቶ ልጄ «እስቲ እናውጣት» አለች። በሩ ደፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ልጄ ሻምበልን ግቢው ውስጥ ለቀቀቻት። የኮቴዋን ድምፅ ሰማሁ፣ ቆመ። ብዙ ቆየ።  ከዚያ አፈር ሲጫር ሰማሁ።

«አየሻት እማ?»

«አየኋት» አልኩ። ምላሴ ቀደመኝ፣ ልማድ ነው።  ቧንቧው ጋ ናት? አጥሩ ጋ? ግቢው ለእኔ ቡናማና አረንጓዴ ጭጋግ ነው፣ ከዚያ ሌላ የለም።

«አላየኋትም» አልኳት። «ንገሪኝ።»

ትከሻዋን አስጠጋችኝ።

«ቆማለች» አለች። «አንገቷን አስግጋ ታያለች። አንድ እግሯን አነሳች። ቀኝ ክንፏን ትንሽ ትጎትታለች፣ ግን ትሄዳለች። ሁለቱ ዶሮዎች መጡ። አሁን ዞራ አየቻቸው። ደረቷን ነፋች። እማ፣ ከኋላዋ ተሰለፉ።»